በግ፣ ጨውና ብይ፦ በሰሜን ሸዋ ደጋ የሁለተኛ ክፍል ልጆች የሳይንስ አስተሳሰብ እንዴት ተመዘነ

የልጆችን የሳይንስ አስተሳሰብ የመመዘን ጉዳይ የተነሣው ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቅ አንድ የገጠር መጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የሁለተኛ ክፍል ልጆች በአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ጥሩ ውጤት ያመጣሉ። «ለተክል ዕድገት ምን ያስፈልጋል?» ሲባሉ «አፈር፣ ውሃ፣ አየር፣ የፀሐይ ብርሃን» ብለው በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። ባቄላ የተዘራባቸው ሁለት ቆርቆሮዎች ፊታቸው ተቀምጠው «ብርሃን ማስፈለጉን በምን እናረጋግጥ?» ሲባሉም መልሳቸው ያው «አፈር፣ ውሃ፣ አየር፣ የፀሐይ ብርሃን» ሆነ። መልሱን ያውቁታል፤ መልሱ እንዴት እንደሚገኝ ግን የጠየቃቸውም የመዘናቸውም አልነበረም። (በነገራችን ላይ ባቄላ ለመብቀል ብርሃን አያስፈልገውም፤ ጉንቁል የምታዘጋጅ እናት ሁሉ ሸፍና ነው የምታበቅለው። ብርሃን የሚፈልገው ከበቀለ በኋላ ለማደግ ነው። ሁለቱን ለይቶ የሚያስተምር መምህር ለዚህ ዓይነቱ ምዘና ግማሹን መንገድ ሄዷል።)

የተመዘኑት ልጆች ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 9 ነው። አብዛኞቹ ከትምህርት ሰዓት ውጭ በግ ይጠብቃሉ፣ ኩበት ይለቅማሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ። ይህ በኋላ እንደሚታየው ምዘናውን ረድቶታልም አበላሽቶታልም።

የመጀመሪያው ፈተና

በወረቀት የተዘጋጀ፣ 10 የምርጫ ጥያቄዎች የያዘ፣ ለክፍሉ በሙሉ በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የሚሰጥ ፈተና ነበር። ለማረም ቀላል ነው። ውጤቱ ሲታይ ግን በደንብ የሚያነቡት ልጆች ከላይ፣ ፊደል እየቆጠሩ የሚያነቡት ከታች ተደረደሩ፤ ፈተናው የንባብ ፈተና ሆኖ አረፈ። ጥያቄዎቹ በቃል ሲነበቡላቸው ከታች የነበሩት ጥቂት የማይባሉ ልጆች ያለምንም ችግር መለሱ።

ሥዕሎቹም አስቸገሩ። ከጎን ተቆርጦ ውስጡ የሚታይ ዕቃ የሚያሳይ ሥዕል ለአዋቂ ግልጽ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥዕል አይቶ ለማያውቅ የሰባት ዓመት ልጅ ግን የተሰበረ ዕቃ ነው። «ጣሳው ተሰብሯል፣ ውሃው ይፈሳል» ብለው የመለሱ ልጆች ነበሩ፤ ባዩት ሥዕል መሠረት ትክክል ናቸው።

ትልቁ ችግር ከሁለቱም ይለያል። ፈተናውን ያዘጋጁት ሰዎች ምሳሌዎቹን ለልጆቹ እንዲቀርቡ ብለው ከአካባቢው ወስደው ነበር። አንደኛው ጥያቄ ከረግረግ ሣር የበሉና ከተራራ ሣር የበሉ በጎችን በካርድ ያሳይና «ከእነዚህ ካርዶች ተነሥተን ምን ማለት እንችላለን?» ይላል። በካርዶቹ ላይ ሆን ተብሎ የታመሙት የተራራ ሣር የበሉት ናቸው። ልጆቹ ካርዱን ሳያዩ «የረግረግ ሣር ነው የሚያሳምመው» አሉ። እውነታቸውን ነው። የበግ ጉበት ትል የሚያድገው በውሃማ ቦታ በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ በረግረግ ሣር የሚሰማራ በግ ይከሳል፣ መንጋጋው ሥር ያብጣል። እረኛ ልጅ ይህን ከአባቱ ሰምቶታል፣ በዓይኑም አይቶታል። ፈተናው «ስህተት» ብሎ የቀጣው የልጁን ትክክለኛ ዕውቀት ነው።

ከዚህ የተወሰደው ውሳኔ የጠቅላላው ሥራ መሠረት ሆነ፦ ዕቃው ልጁ የሚያውቀው ይሁን፤ በዕቃዎቹ መካከል ያለው ግንኙነት ግን ልጁ አስቀድሞ መልሱን የማያውቀው ይሁን። በግ፣ ጨው፣ ብይ፣ ባና (ከበግ ሱፍ የተሠራ ብርድ ልብስ) ይቅረቡ። የሚጠየቀው ነገር ግን ከቤት ይዞት የመጣ መልስ የሌለው መሆን አለበት።

ምን ይለካ?

የስዊዘርላንዱ የልጆች ሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒያዤ ሥርዓት ያለው ሙከራ ማሰብ ከ11 እና ከ12 ዓመት ገደማ በፊት አይጠበቅም የሚል አስተያየት ነበረው፤ ይህም ለረጅም ጊዜ ተቀባይነት አግኝቶ ቆይቷል። በኋላ የመጡ ጥናቶች ጥያቄው ቀለል ብሎ ሲቀርብ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆችም መላምትን ከማስረጃ መለየት እንደሚችሉ አሳይተዋል። ከእነዚህ በጣም የታወቀው በ1991 እ.ኤ.አ. ሶዲያን፣ ዛይቺክና ኬሪ ያቀረቡት የአይጥ ቤት ጥያቄ ነው፦ ያላየነው አይጥ ትልቅ ይሁን ትንሽ ለማወቅ ምግቡን ሰፊ በር ያለው ሳጥን ውስጥ እናስቀምጥ ወይስ ጠባብ በር ያለው?

በዚህ መሠረት ምዘናው በሦስት ችሎታዎች ላይ አተኮረ። አንደኛው ጥሩ ውጤት ማምጣትንና ማወቅን መለየት ነው። ሁለተኛው አንዱን ብቻ ለውጦ ሌላውን እኩል እያደረጉ ማወዳደር ነው። ሦስተኛው ያዩትን ነገር ከሚያምኑት ነገር ለይቶ መናገር ነው። ማንበብ፣ መጻፍና ቁጥር ማስላት ሙሉ በሙሉ ወጡ። ልጁ በእጁ ያሳያል፣ ከቻለም ይናገራል።

የጨው ቤት

የአይጡ ጥያቄ እንዳለ ሲሞከር አንድ ያልታሰበ ነገር መጣ። ጎተራ ባለበት ቤት ያደገ ልጅ ለአይጥ ምግብ ማስቀመጥን አይቀበልም። «ቀዳዳውን መድፈን ነው» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ስለ በር ስፋት ማውራት አይቻልም። ስለዚህ አይጡ በበግ፣ ምግቡ በጨው ተተካ።

ዕቃዎቹ ሁለት ካርቶኖች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 40 በ30 በ20 ሴንቲ ሜትር። አንደኛው 5 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው በር ተቆርጦለታል። ከጭቃ የተሠሩ ሁለት በጎች አሉ፤ ግልገሉ 4 ሴንቲ ሜትር፣ አውራ በጉ 9 ሴንቲ ሜትር ስፋት አላቸው። ጭቃው በደንብ ካልደረቀ የአውራ በጉ ቀንድ በሩ ላይ ይሰበርና ልጁ ሐሳቡ ሁሉ ወደ ቀንዱ ይሄዳል፤ ቀንድ የሌለው በግ ይሻላል።

ከጥያቄው በፊት ልጁ ራሱ ሁለቱንም በጎች በሁለቱም በሮች ያስገባል። ግልገሉ በሁለቱም ይገባል፤ አውራ በጉ በሰፊው ብቻ። ይህንን በእጁ ያላረጋገጠ ልጅ አይጠየቅም፤ ካልሆነ የሚለካው ግምቱ ነው። ቀጥሎ እንዲህ ይባላል፦ «ማታ ማታ አንድ በግ እየመጣ ጨው ይልሳል። ግልገል ይሁን አውራ በግ ማንም አላየውም። ዛሬም ማታ ይመጣል።» ከዚያ ሁለት ጥያቄዎች ይከተላሉ።

የመጀመሪያው፦ «ግልገልም ይሁን አውራ በግ፣ የመጣው ጨው እንዲያገኝ የቱ ቤት ውስጥ እናስቀምጥለት?» መልሱ ሰፊው ነው። ሁለተኛው፦ «ግልገል ይሁን አውራ በግ ጠዋት እንድናውቅ፣ የቱ ቤት ውስጥ እናስቀምጥ?» መልሱ ጠባቡ ነው፤ ጨው ካለቀ ግልገል ነው፣ ካለ አውራ በግ ነው። ግማሾቹ ልጆች ሁለተኛውን ጥያቄ ቀድመው ይጠየቃሉ።

የጥያቄው ጉልበት ሁለቱ አንድ ላይ መሆናቸው ነው። ለሁለቱም «ሰፊው» ያለ ልጅ ደግ ልጅ ነው፤ በጉ ጨው እንዲያገኝ ይፈልጋል፣ ማወቅና ማብላት ግን ገና አልተለያዩለትም። ለሁለቱም «ጠባቡ» ያለ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቤት መርጦ የያዘ ነው። ስለዚህ ነጥብ የሚሰጠው ሁለቱንም ለመለሰ ብቻ ነው። በዕድል ሁለቱን የማግኘት ዕድል ከ4 አንድ ነው። ይህን ለመቀነስ «ጠዋት ጨው ቢያልቅ ማን መጣ እንላለን? ባያልቅስ?» የሚል ማጣሪያ ይከተላል። ማጣሪያውን በትክክል የመለሰ ልጅ ከጨው ቤቱ በላይ የሆነ ነገር አሳይቷል፤ ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት ሁለቱንም አማራጮች አስቦባቸዋል።

ብይና ጆንያ

ሁለተኛው ተግባር ተዳፋት ነው። ሁለት ሳንቃ፣ እያንዳንዱ 80 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት፤ ብይ እንዳይወድቅ ዳርና ዳሩ ቀጭን ጣውላ ተመትቶበታል። ከሥር የሚደገፈው 6 ወይም 12 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው የእንጨት ቁራጭ ነው። የሳንቃው አንድ ፊት ባዶ ነው፤ ሌላው ፊት ጆንያ ተለጥፎበታል። ብዮቹ ሁለት ናቸው፦ የመስታወት ብይና ከኩሽኔታ የወጣ የብረት ብይ፣ በመጠን እኩል የሆኑ። መጠናቸው ካልተመጣጠነ ትልቁ በጆንያው ላይ ቀለል ብሎ ስለሚያልፍ ሦስት የነበረው ተለዋዋጭ (ፍጥነቱን ሊለውጥ የሚችል ነገር፦ ከፍታ፣ ጆንያ፣ ክብደት) ሳይታወቅ አራት ይሆናል።

ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፤ ስለ ከፍታ፣ ስለ ጆንያ፣ ስለ ክብደት። ለእያንዳንዱ ልጁ ሦስት የተዘጋጁ ጥንዶችን በካርድ ያያል። ለምሳሌ «ጆንያ ብይን ማዘግየቱን ለማወቅ የትኞቹን ሁለት እናወዳድር?» ሲባል በአንደኛው ካርድ ላይ ሳንቃዎቹ በጆንያ ብቻ ይለያያሉ፣ በሁለተኛው በጆንያም በከፍታም በብይም ይለያያሉ፣ በሦስተኛው ሁለቱም ጆንያ አላቸው፣ የሚለያዩት በከፍታ ነው። ትክክለኛው ካርድ በየጥያቄው ቦታ ይቀያይራል።

ብዙ ልጆች ሁለተኛውን ካርድ ይመርጣሉ። ሲጠየቁ «ይሄኛው በጣም ስለሚፈጥን» ይላሉ። ልጁ ጎላ ያለ ልዩነት ማየት ይፈልጋል፤ ልዩነቱ በምን መጣ የሚለው አላሳሰበውም። ሦስተኛውን የሚመርጥ ልጅ ደግሞ የተጠየቀውን ተለዋዋጭ ስቶታል። ሁለቱ ስህተቶች አንድ ዓይነት ዜሮ ቢሰጣቸውም የሚያስፈልጋቸው ትምህርት የተለያየ ስለሆነ በመመዝገቢያው ላይ ተለይተው ይጻፋሉ።

ከሦስት አማራጭ በዕድል መምታት ከ3 አንድ ነው። ከሦስቱ ጥያቄዎች ሁለቱን ወይም ከዚያ በላይ በዕድል ማግኘት ከ27 ሰባት፣ ማለትም 26 በመቶ ያህል ነው፤ ይህ ብዙ ነው። ሦስቱንም በዕድል ማግኘት ከ27 አንድ፣ ከ4 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ «ችሏል» የሚባለው ሦስቱንም የመታ ነው። ከጨው ቤቱ ጋር ሁለቱንም ተግባር በዕድል ማለፍ ከ108 አንድ ይሆናል። በዚህ ደረጃ ስለ አንድ ልጅ በድፍረት መናገር ይቻላል። ከመጀመሪያው ፈተና አንድ የምርጫ ጥያቄ ተነሥቶ ስለ አንድ ልጅ መናገር ግን በልጁ ላይ ግፍ ነው።

ካርድ መምረጥና ራስ አዘጋጅቶ መሞከር እኩል አይደሉም። ትክክለኛውን ጥንድ የሚመርጡ ልጆች ሳንቃዎቹ ተሰጥተዋቸው «አዘጋጁት» ሲባሉ ብዙዎቹ ሁሉንም ይለዋውጣሉ። ይህ በሌሎች አገሮችም በተደጋጋሚ የታየ ነው፤ መለየት ከማዘጋጀት ይቀድማል። ምዘናው ሁለቱንም ይጠይቃል፣ ነጥባቸው ግን አይደመርም።

ልጁ መርጦ ከጨረሰ በኋላ ብዮቹ ይለቀቃሉ። በእጅ መልቀቅ አይገባም፤ ጣት ይገፋል። ሁለቱም ብዮች በአንድ ማስመሪያ ተይዘው ማስመሪያው ቀጥ ብሎ ይነሣል። የአፈር ወለል ስለሚያጋድል ሳንቃዎቹ ሁለት ገጥመው በተቀመጡ ዴስኮች ላይ ይሁኑ። በባዶው ሳንቃ ላይ የብረቱና የመስታወቱ ብይ እኩል ይደርሳሉ፤ በተዳፋት የሚንከባለል ድፍን ሉል ፍጥነቱ በክብደቱ አይወሰንም። ልጆቹ ሁሉ ማለት ይቻላል የብረቱ ይቀድማል ብለው ነው የሚጠብቁት፤ መምህራንም እንዲሁ። ለዚህ ነው ይህ ሙከራ ከምርጫው በኋላ የሚደረገው። አስቀድሞ ከታየ ልጁ በግርምት ተይዞ ጥያቄውን ይረሳል።

በረዶ በባና

ሦስተኛው ተግባር ያዩትንና የሚያምኑትን መለየት ነው። ለበግ አገር ልጅ ከሱፍ የበለጠ የሚሞቅ ነገር የለም። ባና ያሞቃል፤ ታዲያ ባና ውስጥ የተጠቀለለ በረዶ ለመቅለጥ ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል?

በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ትሪ ላይ የሚጋገረው በረዶ ውፍረቱ ስለማይመጣጠን አይሆንም። እኩል የሆኑ ሁለት የማቀዝቀዣ በረዶዎች ከከተማ በፔርሙስ ይመጣሉ። ሁለቱም በየራሳቸው ትንሽ ፌስታል ውስጥ ይታሰራሉ፤ ያለዚያ ባናው ይረጥብና ሙቀት እያሳለፈ ሙከራውን ያበላሻል። አንዱ በባና ቁራጭ ዙሪያውን በደንብ ይጠቀለላል፣ ሌላው በሳሕን ይቀመጣል፣ ሁለቱም ፀሐይ ላይ። በደጋው ጠዋት ክፍል ውስጥ ቢቀመጡ ለመቅለጥ በጣም ይቆያሉ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ተግባራት ከመጀመራቸው በፊት ወጥተው መጨረሻ ላይ ይታያሉ።

ለግምቱ ነጥብ የለም፤ ግምቱ ይመዘገባል እንጂ አይታረምም። ነጥቡ የሚሰጠው ባናው ሲፈታ ልጁ ለሚናገረው ነው። በባና የተጠቀለለው ገና ትልቅ ሆኖ እያየ «ይሄ ቀለጠ» የሚል ልጅ አለ፤ እምነቱ ዓይኑን አሸንፎታል። «አልቀለጠም፤ ባናው አሮጌ ስለሆነ ነው» የሚል አለ። ይህ ልጅ ያየውን በትክክል ተናግሯል፣ እምነቱንም ሳይለቅ ምክንያት ፈልጎለታል፤ 1 ነጥብ ያገኛል። «እንግዲያው በአዲስ ባና እንሞክር» ብሎ የጨመረ ደግሞ 2 ነጥብ። ከሦስቱ ተግባራት ሁሉ ለመዛኞቹ ትልቁን ደስታ የሰጠው ይህ ዓይነቱ መልስ ነው። ባናው ሙቀት እንደማያመነጭ፣ የውጭውን ሙቀት እንዳይገባ እንደሚከላከል ማወቅ አይጠበቅበትም፤ የሱ ሥራ እምነቱን ለፈተና ማቅረብ ነው፣ አቅርቦታልም።

መዛኙ የሚያበላሸው

ምዘናው ልጅ በልጅ፣ በሁለት ሰው ይካሄዳል፤ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይጽፋል። ለአንድ ልጅ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል። በአንድ ፈረቃ 12 ልጅ መመዘን ይቻላል። ከ60 በላይ ልጅ ላለበት ክፍል ሁሉንም መመዘን ስለማይቻል ከስም መጥሪያው በየአራተኛው ስም ይወሰዳል። መምህሩ እንዲመርጥ መተው አይገባም፤ እንግዳ ሲመጣ ጎበዞቹን ማቅረብ የተለመደ ነው፣ ክፋትም የለውም፣ ውጤቱን ግን ከንቱ ያደርጋል። የገበያ ቀንና የወር በዓል የሚውልበት ቀንም አይመረጥም፤ የሚቀሩት በተለይ እረኞቹ ናቸው።

ጥያቄ ሁለት ጊዜ አይጠየቅም። ልጅ መምህሩ ደግሞ ሲጠይቀው የመጀመሪያው መልስ ስህተት ነበር ማለት ነው ብሎ ይቀይረዋል። ተመራማሪዎቹ ሮዝና ብላንክ በ1974 እ.ኤ.አ. በፒያዤ የመጠን ጥያቄዎች (የነገሩ መልክ ሲቀየር መጠኑ ይቀየራል ወይ በሚሉት) ላይ ይህንኑ አሳይተዋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተጠየቁ ልጆች የተሻለ መለሱ። ልጁ ካልሰማ ጥያቄው በሙሉ ከመጀመሪያው ይነገራል እንጂ «እርግጠኛ ነህ?» አይባልም።

«ለምን?» የሚለው ጥያቄ በልጆቹ ጆሮ ቁጣ ሆነ፤ አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። «ምን አይተሽ ነው? እስቲ አሳዪኝ» ሲባሉ ግን ተናገሩ። በአካባቢው ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን ሰብሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚቆመው፤ በጨዋነት የመጣን ዝምታ እንደ አለማወቅ መመዝገብ ትልቅ በደል ነው። በተለይ ሴቶች ልጆች በቃል ምክንያት ሲጠየቁ ከወንዶቹ ያነሰ ተናገሩ፣ በእጅ ማሳየት ላይ ግን ከነሱ አላነሱም። ስለዚህ የምርጫው ነጥብና የምክንያቱ ነጥብ ለየብቻ ይያዛሉ።

«ጎበዝ» ለትክክለኛ መልስ ብቻ ከተባለ ልጁ በሦስተኛው ጥያቄ ላይ የመዛኙን ፊት ማንበብ ይጀምራል። ለሁሉም መልስ «እሺ» ብቻ። የመዛኙ ዓይንም ትክክለኛው ካርድ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ካርዶቹ ከተዘረጉ በኋላ ጠያቂው ልጁን እንጂ ካርዱን አያይም።

ምክንያት የሚታረመው በሁለት ሰው፣ ሳይተያዩ ነው። 2 ነጥብ ሌላው ሁሉ አንድ መሆን እንዳለበት በማናቸውም አነጋገር ለተናገረ («ሁለቱም ላይ ያው ብይ ነው፣ ጆንያው ብቻ ነው»)፤ 1 ነጥብ የሚፈተነውን ነገር ብቻ ለጠቀሰ («ጆንያ ስላለው»)፤ 0 «ስለሚያምር» ወይም «ቲቸር ስላሉ» ላለ። ሁለቱ አራሚዎች በብዛት የተለያዩት በ1 እና በ2 መካከል ነው፤ መፍትሔውም አከራካሪዎቹን መልሶች ቃል በቃል ጽፎ ከማረሚያው ጀርባ እንደ ምሳሌ መለጠፍ ሆነ።

ውጤቱ ምን ለወጠ

የክፍል ደረጃና የምዘናው ደረጃ አልተጣጣሙም። ሁሉን በቃሉ የሚያውቅ ልጅ በጨው ቤቱ ለሁለቱም «ሰፊው» ሲል፣ በንባብ ወደኋላ የቀረ እረኛ ልጅ ሦስቱንም የብይ ጥያቄዎች ምክንያቱን ጨምሮ መለሰ። መምህራኑ ከዚህ ተነሥተው ልጆቹን በአዲስ ደረጃ አልደረደሩም፤ ያን ማድረግ አዲስ ስህተት ነበር። ያደረጉት በብይና በሳንቃ ሦስት ክፍለ ጊዜ ማስተማር ነው። ተመራማሪዎቹ ክላርና ቼን በ1999 እ.ኤ.አ. አንዱን ብቻ ለውጦ ማወዳደር በግልጽ ሲነገራቸው የመጀመሪያ ደረጃ ልጆች እንደሚማሩት አሳይተዋል፤ ዝም ብሎ ዕቃ መስጠት ግን ለብዙዎቹ አይበቃም። በክፍል ውስጥ የተደረገውም ያው ነው። መምህሩ ሁሉም ነገር የተለያየበትን ጥንድ አሳይቶ «ይሄ የዘገየው በጆንያው ነው ወይስ በከፍታው?» ይላል፤ ልጆቹ ተከራክረው ሲጨርሱ መለየት እንደማይቻል ራሳቸው ይደርሱበታል፣ ከዚያ በኋላ መምህሩ ደንቡን በቃል ይነግራቸዋል።

ዳግም ምዘናው በዚያው ዕቃ ሊሆን አይችልም፤ ልጆቹ ወደ ቤት ሲሄዱ ለታናናሾቻቸው ሁሉ ተናግረዋል። ጨውና በግ በገብስ፣ በጫጩትና በዶሮ ይተካሉ። ተዳፋቱ ደግሞ በሚቀዘቅዝ ውሃ ይተካል፤ ተለዋዋጮቹ የጣሳው መጠን፣ ክዳንና የተጠቀለለበት ጨርቅ ናቸው። በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ የፈላ ውሃ ሁሉ 100 ዲግሪ ነው ብሎ መነሣት አይቻልም፤ ለልጆች እጅ ደግሞ ያም ከመጠን በላይ ነው። ውሃው በቴርሞሜትር ተለክቶ 45 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ወደ ጣሳዎቹ ይከፈላል፤ ጣሳዎቹም ቀድመው በዚያው ውሃ ይለቀለቃሉ፣ ያለዚያ ቀዝቃዛው ብረት የመጀመሪያዎቹን ዲግሪዎች ይወስዳቸዋል።